ጠብ ያላለች ውሃ

ቁጭ ብዬ መጠበቅ አይሆንልኝም። ሞጣ ላይ የስፖርት መምህር የሆንኩትም ለዚሁ ነው፤ ሌላው ሥራ ሁሉ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። አባቴ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ። ወገባቸውና ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ የሚኖሩት እኔ ዘንድ ነው፤ ያስተማሩበትን የገጠር ደብር ካዩ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ባጃጅ ወንዙ አፋፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሁለት ሰዓት ዳገት ነው።

ኅዳር ላይ «ለጥሯ አስተርእዮ ማርያም ከደብሬ ሳልቆም አልሞትም፤ ፈረስ ግዛልኝ» አሉኝ።

የበቅሎ ዋጋ አይቀመስም። ፈረስም ቢሆን ግን ሰጋር ከሆነ፣ ጀርባው ሳይነቃነቅ የሚሄድ ከሆነ፣ ሽማግሌ ያደርሳል። ይርሳው የሚባል የቢቸና ነጋዴ ሰጋር ያመጣል ሲባል የኔታ ሰምተዋል። ልሄድ ስነሣ የሚጠጡባትን የቆርቆሮ ኩባያ ሰጡኝ።

«ውሃ ሙላና እሷን ይዘህ ተቀመጥበት። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ሂድ። ውሃው ጠብ ካላለ የኔ ፈረስ እሱ ነው። ብቻ ልብ አርግ፣ ፈረሱን በኔ ወገብ መዝነው።»

«እሺ የኔታ» አልኩ። እሺ ማለትማ ይቀናኛል።

ቢቸና ገበያ ላይ ይርሳው ሁለት ፈረስ አቀረበልኝ። አንደኛው አምባላይ፣ ነጭ ፈረስ ነው፤ ጀርባው ረዘም፣ አንገቱ ዝቅ ያለ፣ ሲረግጥ ቁርጭምጭሚቱ ሸብረክ የሚል። ሲሄድ በአንድ ጎን ያሉት ሁለት እግሮቹ አብረው ይነሣሉ፤ ጀርባው ንቅንቅ አይልም። ለየኔታ ተለክቶ የተሰፋ ነበር። እኔን ግን አስዛጋኝ።

ሁለተኛው ዳማ፣ ቀይ ፈረስ ነው። ወገቡ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ታፋው ደንዳና፣ ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ያለ፤ እንደኔው አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት። በድንገት ተነሥቶ በድንገት የሚታጠፍ፣ ለጉግስ የተፈጠረ አቋም! ከልጅነቴ ጀምሮ በየጥምቀቱ ጉግስ የምጫወተው በሰው ፈረስ ነው። ዓይኔን ከዳማው ላይ መንቀል አቃተኝ።

ይርሳው አየኝና ሳቀ። «መምህር፣ ላባቴ ነው ብለኸኝ አልነበር? ይኸ የሽማግሌ ወገብ ይሰብራል።»

«ይገራል» አልኩት።

«አመሉማ ይገራል። አጥንቱስ?»

ኩባያዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። አላወጣኋትም። ዳማውን አንድ ጊዜ ጋልቤ ስመለስ ነገሩ አልቆ ነበር፤ በየኔታ ገንዘብ ገዛሁትና አይሱዙ ላይ ጫንኩት።

የኔታ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ፈረሱን ሳያዩ የጠየቁኝ ስለ ኩባያዋ ነው።

«ምን ያህል ፈሰሰ?»

«ጠብ አላለም» አልኩ።

እጃቸውን ከፈረሱ ትከሻ ጀምረው አሳለፉ። ወገቡ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ዞር ብለው አዩኝ። «ጠብ አላለም?»

«አላለም።»

«እንግዲያስ የኔ እጅ ነው የሳተ» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት እኔና ባለቤቴ ሉሊት ደግፈን ኮርቻው ላይ አወጣናቸው። ዳማው በሶምሶማ ተነሣ። በየእርምጃው ከኮርቻው ይነሡና ይወድቃሉ። ከንፈራቸውን ነክሰው እስከ ጎረቤት አጥር ሄዱ። ስናወርዳቸው ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ፈረሱማ ደህና ነው፤ ያለቅሁት እኔ ነኝ። ውሃ በማያፈስ ፈረስ መቀመጥ ያቃተው ሰው ከእንግዲህ የት ይደርሳል? አንተ ጉግስ ተጫወትበት፣ ልጄ።»

ልጓሙን ይዤ ዳማውን ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲያ ደብሩን አላነሡም። ለበዓሉ ያሳጠቡትን ነጭ ጋቢ ሣጥን ውስጥ እንድታስገባው ለሉሊት ሰጧት። መቋሚያቸውን ከበር ጀርባ አስጠጉት። እኔ ከሥራ ስወጣ ዳማውን ሜዳ ላይ እጋልባለሁ፤ ጓደኞቼ ያጨበጭባሉ፤ ወደ ቤት ስመለስ ግን ዓይናቸውን ላለማየት በጓሮ በኩል እገባለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። ሉሊት ምን ሆንክ ብትለኝ ጮኽኩባት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን እያደር የሚጠራ ነገር አልነበረም፣ የኔታም እያደር ይጠቁሩ ነበር። አፈርኩ። ከምጠላው መቀመጥ ይልቅ እፊታቸው መቆሙ ባሰብኝ።

ጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት፣ ዳማው ላይ ኮርቻ ጫንኩና ለየኔታ ግቢው ውስጥ ወንበር አወጣሁ። ኩባያዋን እፊታቸው ጢም አድርጌ ሞላኋት።

«ምን ልትሆን ነው?» አሉ።

«ይዩኝ።»

ፈረሱ ላይ ወጥቼ ኩባያዋን ከፍ አድርጌ ያዝኩና በሶምሶማ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። በሦስተኛው እርምጃ ውሃው እጅጌዬን አራሰው፤ ቀጥሎ ፊቴን መታኝ። አንድ ዙር ሳልጨርስ ኩባያዋ ባዶ ሆነች። ወርጄ እፊታቸው ቆምኩ።

«ቢቸና ላይ አልሞላኋትም፣ የኔታ። ከቦርሳዬም አላወጣኋት። ዋሽቼዎታለሁ። ለርስዎ የሚሆን አምባላይ ነበረ፤ እኔ ለራሴ መረጥኩ።»

ተነሥተው ቢመቱኝ ደስ ባለኝ ነበር። እርሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዳማውን ከትከሻው እስከ ታፋው ቀስ ብለው አዩት።

«እንግዲያ እጄ አልሳተማ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አላለቅሁማ! አንተ ከንቱ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሬሳ አርገህ አስቀመጥከኝ እኮ!»

ይቅርታ ልል ስጎነበስ ኩባያዋን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ሉሊት! ጋቢየን አውጭው!» ብለው ተጣሩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ለገበያው ቢቸና አብረን እንወርዳለን። ዳማውን ትመልሳለህ፤ አምባላዩ ቢሸጥም ሌላ እናያለን። ኩባያዋን ግን የምይዛት እኔ ነኝ።»