የቅሬው ሜጋፎን

ሐይቁ ፊት ለፊታችን ተንጣሎ የሰፈራችን ቧንቧ ከደረቀ ሃያ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጣና፣ «ሙሐዲን፣ ውሃ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ሊለቀቅ ነው፤ ቶሎ ብለህ ለሰው ንገር» አለኝ።

እኔ የቅሬያችን፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ለፋፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ሜጋፎን ይዤ ሰፈሩን ለቀብር የምጠራው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የምቆመውም ሟቹ ደጃፍ ላይ ነው። እኔ ነፈዝ ይህን ረስቼ፣ ከፍታ ነው፣ ድምፅ ይሰማልኛል ብዬ ዙሌይካ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ልጇ ሙዓዝ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ አምስት ወር አልፎታል።

«የሰፈራችን ሰዎች...» ከማለቴ የቆርቆሮው በር ተበረገደ። ዙሌይካ እግሬ ላይ ተደፋች።

«ሙዓዜን! ልጄን!»

«ኧረ ውሃ ነው፣ እት ዙሌይካ! ውሃ መጣ ልል ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ደረሱ። ጀሪካን የያዘ አንድም ሰው የለም።

ዙሌይካ ድንገት ጩኸቷን ገታች። እግሬን እንደጨበጠች ቀና ብላ አየችኝ።

«እንግዲያው ልጄ በሕይወት አለ? ወላሂ በል፣ ሙሐዲን።»

ሃያ ዓመት ሞት ስለፍፍ ምላሴ ተይዞ አያውቅም። ያኔ ግን አንዲት ወላሂ አልወጣ አለችኝ።

ዝም ማለቴን ሲያዩ ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩት።