ሞልቶ የማያውቅ ጉድጓድ

1.

ቀይ።

2.

ከቀዩ የጀመርኩት ስለቸኮልኩ ነው። ነገሩ የተጀመረው ቢሾፍቱ ውስጥ፣ ከአንድ ቢጫ የግቢ በር ላይ ነው።

እኔና ባለቤቴ፣ ደረሰ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስድስት ቤት ተከራይተናል። ስድስት ጊዜ ፍራሽ ጭነናል። ያን ቢጫ በር አልፌ የገባሁ ዕለት ገና ሳሎኑን ሳላየው መጋረጃ መረጥኩለት። ሰው እንዲህ ይቸኩላል? እኔ እቸኩላለሁ።

3.

ቤት ከመግዛትሽ በፊት (ለራሴ፣ በዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና ወረቀት ጀርባ የጻፍኩት)

ካርታውን እዪ። አየሁ።

ጣሪያውን እዪ። ዝናብ ጠብቄ ሄጄ አየሁ።

ጎረቤት ጠይቂ። አልጠየቅኩም። ሻጩ አቶ ጥላዬ፣ «ከዚያች ሴትዮ ጋር አንነጋገርም» አሉኝ። ሴትዮዋ እህታቸው ናቸው።

የሽንት ቤቱን ጉድጓድ አስፈትሺ።

የመጨረሻዋን የጨመረው ደረሰ ነው። አምስተኛው ቤታችን ጉድጓዱ ገንፍሎ በእናቱ ፊት ምን እንዳደረገን አይረሳም። እኔም አልረሳሁም፤ ግን እዚህ አልጽፈውም።

4.

ቃል በቃል፣ ከአቶ ጥላዬ ጋር

እኔ፦ ጉድጓዱ የት ነው?

እሳቸው፦ አለ።

እኔ፦ የት?

እሳቸው፦ ግቢው ውስጥ ነዋ! አባቴ ያስቆፈሩት ነው።

እኔ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የተመጠጠው መቼ ነው?

እሳቸው፦ ተመጦ አያውቅም።

እኔ፦ ቤቱን ከወረሱ በአሥራ አራት ዓመት?

እሳቸው፦ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም፣ ልጄ። የተባረከ ጉድጓድ ነው!¹ ያቺን ጎረቤት ብታዪያት፣ በየዓመቱ መምጠጫ መኪና እየጠራች ሰፈሩን በግማት ትፈጀዋለች። እኔ መስኮቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

¹ ቧንቧ ሠራተኛው ሙዘይን ይህን ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «ነገ ጠዋት እንሂድ» አለኝ።

5.

አንቺም ቤት የምትገዢ ከሆነ እንዲህ አድርጊ፦

አራት ኪሎ ቀይ ሥር ቀቅይ።

ውሃውን በባልዲ ያዢ።

ሽንት ቤቱ ውስጥ ድፊው፤ ንጹሕ ውሃም አስከትይ።

ከዚያ የሙዘይንን ብረት ተከተይ። መሬቱን ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ ቧንቧው የሚሄድበትን ይፈልጋል። ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ወጣ። በአቮካዶው ዛፍ ሥር አለፈ። አጥሩ ጋ ደረሰ።

አልቆመም።

«ወደዚያኛው ግቢ ነው የሚሄደው» አለ ሙዘይን፣ ዓይኑ እያበራ። የእኔ ልብ ከእሱ ዓይን ብሶ ነበር።

6.

(ይህ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል። ታገሡኝ።)

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የአቶ ጥላዬ አባት ሲሞቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ግቢውን በገመድ ለኩት። ትልቁ ቤት ለጥላዬ፣ ሰርቪሱ ለእህታቸው ለአስካለ። የውሃ ቆጣሪው ለእሷ፣ አቮካዶው ለእሱ። በአቮካዶው ተጣሉ፤ ተኳርፈውም ቀሩ።

ጉድጓዱን ግን ማንም አላነሳም። ጋቢያቸውን አጣፍተው በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት የሽንት ቤት ነገር ማን ይጠራል? ነውር ነው። አጥሩ ተሠራ፤ ጉድጓዱ ከዚያኛው ወገን ሆነ፤ ሁሉም ቡራኬ ተቀብሎ ተበተነ።

7.

እትዬ አስካለ ለእኔ፣ ለደረሰና ለሙዘይን በሩን የከፈቱልን እጃቸው ሳሙና እንደያዘ ነው። አቶ ጥላዬ ተከትለውን መጥተው ከበሩ ውጭ ቆሙ። እግራቸውን አላስገቡም።

እትዬ አስካለ ባልዲዬን አዩ። ብረቱን አዩ። ምንም አልገረማቸውም።

«ያውልህ፣ ከገንዳው አጠገብ» አሉት ሙዘይንን። «ክፈተው።»

ክዳኑ ተነሳ።

8.

ቀይ።

9.

«አገኘነው!» ብዬ ዘለልኩ። ደረሰን አቀፍኩት፤ ሙዘይንንም ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ዞር ስል የሚስቅ ሰው አጣሁ።

10.

ቃል በቃል፣ በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያው

እሳቸው (ከበሩ ውጭ)፦ የኔም እዚህ ነው የሚገባው?

እሷ፦ ሌላ የት ይገባል ብለህ ነበር?

እሳቸው፦ ታውቂ ነበር?

እሷ፦ በየዓመቱ የማስመጥጠው የብቻዬ መሰለህ? እኔ አንድ ነፍስ ነኝ።

እሳቸው፦ ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?

እሷ፦ በምን አፌ? አኩርፈኸኝ የለ!

እሳቸው፦ ብትደፍኝውስ ኖሮ?

እሷ፦ ደፍኜው የአባቴ ልጅ የት ይሂድ?

(አቶ ጥላዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሩን አልፈው ገቡ።)

11.

ደረሰ በጆሮዬ፣ «ውሉ እኮ ነገ ነው» አለኝ። አውቃለሁ። ቤቱ ከእጄ ሲያመልጥ እያየሁት ነበር። ደግሞ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ሁለቱን ለማስማማት ሞክሬ አልቻልኩም፤ እንዲሁ ጻፍኳቸው።

12.

በማግስቱ፣ ሦስት ሰዓት። ቢጫው በር ክፍት ነው።

ከአጥሩ ላይ ብሎኬት ተነስቷል። አንድ ሰው ጎንበስ ሳይል የሚያሳልፍ ያህል። እትዬ አስካለ በዚያ ቀዳዳ ሳፋ ይዘው ገቡ፤ «እታለም፣ የበሰለውን ብቻ ልቀምልሽ» የሚል ድምፅ ከዛፉ ላይ ይሰማል።

አቶ ጥላዬ መሰላሉን ወርደው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። በእጄ የያዝኩትን ቅጽ ተቀበሉኝ።

ገዢ፦ ደረሰና እኔ።

የፍሳሽ ጉድጓድ፦ አለው፤ በእህታቸው ግቢ።

ሁኔታ፦ ይሠራል።

የሻጭ ፊርማ፦

ቅጹን አነበቡ። ቀዳዳውን አዩ። እህታቸውን አዩ። ከዚያ ቅጹን ሳይፈርሙ መለሱልኝና፣ «ልጄ» አሉኝ፦

«                                        »