መደበቂያ ያጣ ጠርሙስ

ባሌ ኢታና አናጢ ነው። እጁ የተባረከ፣ ጠባዩም ለስላሳ፤ አረቄ እስኪይዘው ድረስ ማለቴ ነው። ከያዘው በኋላ ዘጠኝ ዓመት አለቀቀውም።

ከየካ ሚካኤል ከፍ ብላ ያለችው የቀበሌ ቤታችን በእነዚያ ዓመታት መጋዘን ሆነች። ጎረቤቱ ሁሉ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ በሩ የተገነጠለ ቁም ሳጥን እያመጣ "እስቲ ይቺን ጠግንልኝ" ይለዋል። እሱም "ነገ" እያለ ይቀበልና ይከምረዋል። እኔ በገዛ ቤቴ በጎን መራመድ ለመድኩ። ክምሩ ለምን እንደማይቀንስ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ጠርሙሱ የሚያድረው እዚያ ውስጥ ነበር።

በ1975 ጥቅምት ላይ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቶ ሁለት ሱባኤ ጠበል ተጠመቀ። ሲመለስ ጉንጩ ሞላ፣ ዓይኑ ጠራ ብሎ ነበር። ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

"ምነው?" አልኩት።

"አፀድዬ፣ እዚህ ቤት ከገባሁ እጠጣለሁ። የቱ ወንበር ሥር እጄን ብሰድ ምን እንደማገኝ አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ሁሉንም እናወጣዋለን።"

ሦስት ቀን ፈጀብን። አሥራ አንድ ጠርሙስ አገኘን፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ከፍራሹ ስፌት ውስጥ፣ ከሠርግ ሻንጣዬ ሳይቀር።

"በነጠላዬ ጠቅልለህ!" ብዬ አለቀስኩ።

ነጠላውን ወስዶ ቁጭ ብሎ አጠበው። ልብስ ሲያጥብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ጥለቱ መሬት እየነካ ሲያሰጣው ሳላስበው ሳቅኩ።

ከዚያ የሰው ዕቃ ቀረ። የሚጠገነውን ጠገነ፤ የማይሆነውን እንዳለ ተሸክሞ እየዞረ ለየባለቤቱ መለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ። እማማ ሎሚ ስድስት ዓመት የጠበቁትን ወንበር ሲያዩ ደስ ብሏቸው መለኪያ ሊቀዱለት ብድግ አሉ።

"እማማ፣ ለእኔ ውሃ ይስጡኝ" አላቸው።

ዕቃ ማውጣታችን ግን ወሬ ሆነ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በላይነህ አንድ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣና ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብሎ አየ።

"ጓድ ኢታና፣ ወዴት ልትኮበልል ነው?"

በዚያን ጊዜ ይህ ቀልድ አልነበረም።

"ከአረቄ ነው የምኮበልለው" አለው ኢታና።

ጓድ በላይነህ "የእኔም ወንድም..." ብሎ ጀመረና ተወው። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

አራት ወር ደህና ከረመ። የካቲት ላይ ሙያውን ያስተማረው ወዳጁ ቱሉ ሞተ። ከቀብር ሲመለስ ላምበረት አረቄ ቤት ጎራ ብሎ ኖሯል። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ኮቱ በአንድ ጎን አብጦ ገባ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነው። መሃል ወለሉ ላይ ተገትሮ ቀረ።

"ምን ጠፋብህ?"

"ማስቀመጫ" አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም እንባው እየወረደ ሳቀና ጠርሙሱን አውጥቶ ሰጠኝ። ገና አልተከፈተም።

"ድፊው። ብቻ አጠገቤ ተቀመጪ።"

ደፍቼው መጣሁ። ቱሉ መጋዝ አያያዝ እንዴት እንዳሳየው፣ ሲሳሳት እንዴት እንደሚቆጣው እያወራልኝ እስኪመሽ አለቀሰ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲያ አውርቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አልተሰናከለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ሁለት ጊዜ ተሰናክሏል። ሁለቱንም ጊዜ ግን ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ ሦስተኛ አልመጣም። በዓመቱ፣ ልጅ ለመውለድ ተስፋ ከቆረጥን በኋላ፣ ሴት ልጅ ወለድን። መዳህ ስትጀምር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚያግዳት አንድ ነገር አልነበረም፤ ግዙፉ አባቷም በጉልበቱ ተንበርክኮ ከኋላዋ ይድህ ነበር።