ማኅተም ያልነካው ቀን

መጀመሪያ «ህህህ» የሚል ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። ቀጥሎ አንድ ለስለስ ያለ «ድም»። ከዚያ ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ጠንከር ጠንከር ያሉት ይከታተላሉ፤ ድም፣ ድም፣ ድም።

አልጣሽ ከጣውላው ግድግዳ ወዲህ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ከዕቅድ ክፍል አንሥተው እዚህ አሮጌ ዕቃ ቤት ውስጥ ካስቀመጧት ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ሥራ አልሰጧትም፤ ወንበር ብቻ ሰጧት። የሚያነጋግራት ስለሌለ ጆሮዋ ሥራ አገኘ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ማኅተም ያዡ ጋሽ ያርጋል እንደሆኑ ታውቃለች። ያላወቀችው የመጀመሪያው ድምፅ ለምን ከሌሎቹ እንደሚለይ ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ በስምንት ሰዓት ዳባት ላይ ከተዘዋዋሪው ችሎት ፊት ትቀርባለች። እንዳለው የተባለው አለቃዋ ለመስክ ሥራ ዛሪማ አብራው ሄዳ እንድታድር ሦስት ጊዜ ጠይቋት ነበር። በአራተኛው ጊዜ በር ዘግቶ እጇን ያዘ። ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን አቤቱታዋን አስገባች። በሳምንቱ ወደ ሩቁ በየዳ ወረዳ መዛወሯን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን ግን ጥር አሥራ አራት ነበር። በወጪ ደብዳቤዎች መዝገብም ላይ እንደምንም ቦታ ተገኝቶለታል። ባለፈው ቀጠሮ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከአቤቱታው አምስት ቀን የቀደመ ዝውውር እንዴት በቀል ሊባል እንደሚችል ጠየቋት። መልሱን ለዛሬ ይዛ እንድትመጣ ቀጠሯት። ዛሬም ከሌላት ሰኞ በየዳ ሪፖርት ታደርጋለች፤ አለዚያ ሥራውን ትተዋለች። እናቷ ደግሞ ዓይናቸው ፈዞ ያለ እሷ ከቤት አይወጡም።

ትንፋሹ ዳግመኛ ሲሰማ ተነሥታ ወደ ማዶው ክፍል ሄደች።

«ጋሽ ያርጋል፣ የመጀመሪያዋን የት ነው የሚመቷት?»

ሰውየው ሣቁ። «አንቺ ደግሞ በግድግዳ ትቆጥሪኛለሽ?»

የደባርቅ ብርድ ቀለሙን እንደሚያደርቀውና ሳይሞክሩ ቢመቱት ግማሹ እንደሚቀር ነገሯት። «ይኸ ማኅተም እንደ አገር ሽማግሌ ነው። ጠዋት ሳያሞቁት ቃል አይወጣውም።»

መሞከሪያቸው በየቀኑ የሚገነጠለው ቀን መቁጠሪያ ነው። የዛሬው ገጽ ጥግ ላይ ወይን ጠጅ ክብ አርፏል። ያለፉት ገጾች ከሥሩ ሚስማር ላይ ተሰክተዋል፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ምሳሌያዊ አነጋገር ስለሚጥማቸው አይጥሏቸውም።

አልጣሽ ማገላበጥ ጀመረች። ሐሙስ ክብ፣ ረቡዕ ክብ፣ ማክሰኞ ክብ። ቅዳሜና እሑድ ባዶ። መጋቢትንና የካቲትን አልፋ ጥር ገባች። አሥራ ስድስት ክብ አለው። አሥራ አምስትም አለው። አሥራ አራት፣ ረቡዕ፣ ባዶ።

«ይኸ ቀን ምን ሆኖ ነው?»

ያርጋል ጠጋ ብለው አዩ። ሣቃቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። ያን ዕለት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ፣ እንዳለውም ጭምር፣ ከማለዳ ጀምሮ ለተፋሰስ ዘመቻ እርከን ሊሠራ ወጥቶ ነበር። ማኅተሙ ከመሳቢያው አልተነሣም።

«ታዲያ ደብዳቤዬን መቼ መቱት?»

«ሃያ ስድስት፣ ሰኞ ጠዋት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀኑን አላየሁትም፣ ልጄ። እኔ የማየው ከፊርማው ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ነው።»

ዳባት መጥተው ይኸንኑ ይናገሩላት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ለጡረታቸው አራት ወር እንደቀራቸው ነገሯት። አልጣሽ ገጾቹን መልሳ ሚስማሩ ላይ ሰካች። እሷ ብትወስዳቸው ሰርቃ ነው እንደሚባል ታውቃለች።

እንዳለው ደብዳቤዎች ታቅፎ ገባ። በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው ሁልጊዜም አንተ ነው የሚላቸው።

«ያርጋል፣ ረዳት ቀጠርክ እንዴ?» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «በየዳ ብርድ ነው ይላሉ። ወፈር ያለ ነገር ያዢ።»

 ደብዳቤዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ቶሎ ምታልኝ፤ ዳባት ይዣቸው እሄዳለሁ።»

ያርጋል ማኅተሙን አነሡ። ወደ አፋቸው አስጠግተው «ህህህ» አሉበት። አልጣሽ ለስለስ ያለውን ድምፅ ጠበቀች።

አልመጣም።

ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ መለሱት። ቆለፉ። ቁልፉን እንዳለው በዘረጋቸው ደብዳቤዎች ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የገጾቹን ጥቅል ከሚስማሩ ነቅለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱ፤ ከበሩ ኋላ ጃንጥላቸውን አነሡ።

«ወዴት ነው?» አለ እንዳለው።

 ያርጋል የዳባት መኪና ወደሚነሣበት መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ሄዱ።