ድሎት ፍራሽ ከኳሱ ምን አተረፈ?

የድሎት ፍራሽ ፋብሪካ ስም በቦኩ ኮከብ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ማልያ ላይ ከተጻፈ ሁለት ዓመት ሞላው። በሁለቱ ዓመታት ቡድኑ ያሸነፈው ሦስት ጊዜ ሲሆን፣ አንዱም ተጋጣሚው መኪና ተበላሽቶበት በመቅረቱ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ባለቤት አቶ ዘገዬ የማርኬቲንግ ኃላፊዋን ፍሬሕይወትን አስጠሯት።

«ይሄ ስፖንሰርነት ገዢ አምጥቶልናል ወይስ አላመጣልንም? እውነቱን እፈልጋለሁ» አሏት።

ስፖንሰር እንሁን ብላ የወተወተቻቸው እሷው ነበረች።

ቅዳሜ መጠይቋን ይዛ አዳማ ሜዳ ገባችና ሰማንያ ተመልካች ጠየቀች። ስሙን የማያውቅ የለም። ድሎት ምን ያመርታል ስትላቸው ግን ገሚሱ ውሃ አለ፣ ገሚሱ ኢንሹራንስ። ጫምሳ የሚባሉ አንድ አዛውንት ብቻ ሳያመነቱ «ፍራሽ» አሏት።

«ገዝተው ያውቃሉ፣ አባቴ?»

«ምን በወጣኝ! ልጆቹን አታይያቸውም እንዴ? ተኝተው እኮ ነው የሚጫወቱት።»

«አስተያየት» በሚለው ቦታ ላይ ቃል በቃል ጻፈችው።

ከዚያ የየከተማውን ሽያጭ አገላበጠች። አዳማ ንቅንቅ አላለም፤ መልካሳም እንደዚያው። ቡልቡላ ላይ ግን በአንድ ሳምንት ሠላሳ አራት ፍራሽ ተሸጧል። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ቡልቡላ ወረደች።

«የገዙትማ የእኛ ቡድን ደጋፊዎች ናቸው» አለቻት የፋብሪካው ወኪል ጂቱ። «ቦኩ ኮከብ ሊገጥመን የመጣ ለት ተሸክመውት ሜዳ ገቡ። አራት ለዜሮ ስንመራቸው ከጎሉ ኋላ አነጠፉና ‹ኑ፣ እዚህ ተኙ› እያሉ ዘፈኑባቸው።»

«ከዚያስ?»

«ቤታቸው ወስደው ተኙበት። ጥሩ ፍራሽ ነው ይላሉ። እናቶቻቸው ሰፊው መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ያደርቁኛል።»

ፍሬሕይወት መንገዱን ሙሉ የደጋፊዎቹን ነገር ልዝለለው ወይስ ልጻፈው ስትል ቆየች። በመጨረሻ ፍራሹም፣ ዘፈኑም፣ አራቱ ጎልም ሪፖርቱ ውስጥ ገቡ።

አቶ ዘገዬ ሁለቴ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሠርቷል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«የሠራው ግን ስለተሸነፍን ነው።»

«ቁጥሩ እንደዚያ ነው የሚለው።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ዘንድሮ ቡድኑ ለሚሄድበት ከተማ ሁሉ ቀደም ብሎ ፍራሽ ይላክ። ውሉን አድሺው።»

ውሉ ሲፈረም አምበሉ ኢሊያስ የፍሬሕይወትን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እህቴ፣ ያን ያህል ተሸንፈን አልጣላችሁንም። ዘንድሮ አናሳፍራችሁም፤ ሁሉንም እናሸንፋለን!»

«በርቱ» አለችው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ባቱ ላይ ነበር። ለከተማው ወኪል ቀደም ብሎ ሃያ ፍራሽ ተልኳል። ቦኩ ኮከብ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ከሃያው ፍራሽ አንዱም አልተሸጠም። ሁለተኛው ጎል ሲቆጠር ፍሬሕይወት መጠይቋን ጥላ አጠገቧ የነበረውን የማታውቀውን ሰው አቀፈችው፤ ሰኞ ቢሮ የገባችውም ድምጿ ተዘግቶ ነው።