ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት መስመር

በአውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ሐኪሟ» ነው የሚሏት። የትኬት ክፍሉ ኮምፒውተር ሲያኮርፍ፣ ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክ የሚጮኹት ወደ እሷ ነው። እሷም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ጠባብ ክፍሏ ሳትነሣ፣ አንድ ጥቁር መስኮት ስክሪኗ ላይ ከፍታ ጥቂት ቃላት ትጽፍበታለች፤ በሽተኛው ይድናል። ያን ጥቁር መስኮት የሙያው ሰዎች «ተርሚናል» ይሉታል። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ትእዛዝ ይጻፍበታል፣ መልስ ይመጣበታል፣ በቃ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን በሽታውን ያመጣችው ራሷ ሐኪሟ ሆነች። ሁለት ተርሚናል ጎን ለጎን ከፍታ ነበር፤ አንዱ ወደ መሞከሪያው ሰርቨር፣ ሌላው ትኬት ወደሚቆረጥበት፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚታዘዙለት ወደ ዋናው ሰርቨር የሚያስገባ። ሁለቱም ጥቁር፣ የሁለቱም ጽሑፍ ግራጫ፤ መንታ ነው የሚመስሉት። መሞከሪያውን አጥፍቼ ላስነሣው ብላ ትእዛዙን ጻፈችና ሻይዋን አነሣች። ስኒው ከንፈሯ ጋ ሳይደርስ ስልኳ ጮኸ።

«ሐኪሟ!» አለች ትኬት ቆራጯ ከምድር ቤት። «ሰባቱም ኮምፒውተር ቀጥ አለ! ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። አንድ ሰውዬማ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው እያለ ጣቱን አፍንጫዬ ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረው!»

ሐኪሟ ትእዛዙን የጻፈችበትን መስኮት ዞር ብላ አየችው። ክው አለች። ያጠፋችው ዋናውን ነበር።

ነገሩን መልሳ እስክታስተካክል አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። ኃላፊዋ ረጋ ያሉ ሰው ስለሆኑ አልተቆጡም። የሆነውን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁና፣

«ጨውና ስኳር በአንድ ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ታስቀምጫለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አላስቀምጥም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እነዚህንም ለዪያቸው።»

በልቧ፣ ይቺማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት አለች። የዋናውን ሰርቨር መስኮት ቀይ ማድረግ ነው፤ ቀይ ያየ እጅ ይጠነቀቃል። ተርሚናሉ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና አቋራጭ ቁልፎቹን የሚያነበው ከአንድ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ኮንፊግ ይባላል። ችግሩ የእሷ ኮንፊግ ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ ነገር ባማራት ቁጥር ከማታውቃቸው ሰዎች እየቀዳች ስትለጥፍበት ኖራለች፤ አንድ መስመር እንኳ አጥፍታለት አታውቅም። ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት መስመር ደርሷል። «ቀይ» ብላ መካከሉ ላይ ጻፈችበት፤ መስኮቱ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ረቡዕም ሞከረች፣ ሐሙስም ሞከረች። ዓርብ ላፕቶፑን በብብቷ ይዛ ኩርፍ እንዳለች ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ውስጥ ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት ቆመው፣ የእርሳስ ፊደል ከየሳጥኑ አንድ በአንድ እየለቀሙ መጽሐፍ ሲደረድሩ ኖረዋል። ማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደሉን ትቶ በኮምፒውተር መሥራት ሲጀምር ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ሥራ ፈትቶ ያገኘውን ሁሉ ያርማል፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የጎረቤት የሠርግ ጥሪ። በልጃቸው ትከሻ በኩል ስክሪኗን ባዩ ቁጥርም፣ «ምነው ይህ ፊደል እንዲህ ተጣበቀ? ትንፋሽ አጠረው እኮ!» ይላሉ። እሷም ዘወር ሳትል «አባዬ፣ ተዉኝ እስቲ» ትላቸዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን እንኳ ሳታበጥር ከመኝታ ቤቷ ወጣች።

«ጭራሽ ተርሚናሌ አልከፈትም አለ!»

አባቷ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው ደግሞ? አውቶቡሶቹ የት ሊቆሙ ነው ታዲያ?»

«የአውቶቡሱ አይደለም፣ አባዬ። የኔ ነው።»

«አንቺም የራስሽ ተርሚናል አለሽ?»

ሳትወድ በግድ ሳቀች። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ከማክሰኞ ጀምሮ የሆነውን ነገረቻቸው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ተራው «ቀይ» የሚለው ቃል ስላልሠራና ቀለም በቁጥርም ስለሚጻፍ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዋ በብጣሽ ወረቀት የጻፈላትን የጥቁር ቀይ ቀለም ቁጥር ፋይሉ መጨረሻ ላይ ብትጨምርበት፣ ፕሮግራሙ «ኮንፊጉን ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ድርቅ አለ። የቱ መስመር እንደሆነ እንኳ አይናገርም።

«ወረቀት ላይ አውጪውና ልየው» አሉ።

«አባዬ፣ እንግሊዝኛ ነው እኮ። እሱም ቢሆን ሰው የሚያወራው እንግሊዝኛ አይደለም።»

«በላቲን የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ለቅሜያለሁ። አንድ ቃል ሳይገባኝ ሰባት ስሕተት አግኝቼበታለሁ። ማንበብ ሌላ፣ ማየት ሌላ።»

ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ከፈተችው፤ ቅጂውን አስቀመጠችና አተመችው። ሃያ ሦስት ገጽ ወጣው። የምግብ ጠረጴዛው አልበቃ ስላለ ግማሹን ወለሉ ላይ ዘረጉት። አባቷ መቀስና የማጉያ መነጽር አመጡ፤ እጅጌያቸውንም ሰበሰቡ። ማተሚያ ቤት እያሉ ልክ እንዲህ እንደሚያደርጉ ሐኪሟ ትዝ አላት።

«አሁን የእያንዳንዱን መስመር ሥራ ንገሪኝ። እኔ እየቆረጥኩ በየሳጥኑ እከተዋለሁ።»

ቀለም ወደ አንድ ወገን፣ ፊደል ወደ ሌላ፣ ቁልፍ ለብቻ፣ የመስኮት ነገር ለብቻ። እሷም የማታውቀው ብዙ ስለነበር አባቷ አምስተኛ ክምር ከፈቱና «እንጃ» ብለው ሰየሙት። ከሁሉ ቶሎ ያደገው «እንጃ» ነው።

በየመካከሉ ለራሷ የተወቻቸው ማስታወሻዎች ነበሩ። አንዱን አባቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «‹ይህን እንዳትነኪ! ለምን እንደሚሠራ አላውቅም።› ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

«ለማን?»

«ለኔ።»

«ታዘዝሽ ታዲያ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ!»

አባቷ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ፣ ረጅም ሥራ ሲያልቅ መደወል ያለበትን ደወል ጸጥ የሚያደርግ መስመር ተገኘ። ደወሉ አይሠራም ብላ ኮምፒውተሩን አራት ዓመት ስትረግም የኖረች እሷ፣ ዘግታው የረሳችውም እሷ። ሌላው መስመር ደግሞ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ «እሺ ጋሼ፣ አሁኑኑ እሠራዋለሁ» ብሎ የሚጽፍ አቋራጭ ነበር።

«ይቺስ ትቆይ» አሉ አባቷ። «እንጀራሽ ናት።»

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ግን ሐኪሟ ራባት፣ ወገቧም ተያዘ። ቀና ስትል አባቷ የስድስተኛና የአሥራ አራተኛ ገጽ ቁራጮችን ቀላቅለው ሲደረድሩ አየች።

«አባዬ! ቅደም ተከተሉን አጠፉብኝ! የቱ የት እንደነበረ አሁን በምን ላውቅ ነው? ይህ እኮ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው፣ ጨዋታ አይደለም!»

አባቷ መቀሱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ በረንዳው ወጡ።

እሷ እየተነጫነጨች ቁራጮቹን መሰብሰብ ጀመረች። አንዱ ከእጇ አምልጦ ተገልብጦ ወደቀ። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በጣም ትንንሽ በሆነ ጽሕፈት፣ «ገጽ ፲፬፣ መስመር ፳፪» ይላል። ሌላውን ገለበጠችው፤ እሱም ቁጥር አለው። ሁሉንም ገለበጠቻቸው። እሷ ስታወራ አባቷ አንዱን እንኳ ሳይዘሉ ቁጥር እየሰጡ ነበር የቆረጡት። ፊቷ ጋለ።

በረንዳው ላይ ደረሰችባቸው። መንገድ ማዶ ያለውን የጫማ ቤት ማስታወቂያ ትክ ብለው እያዩ ነበር።

«ቁጥሩን አላየሁትም፣ አባዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ አንድ ገጽ አልተምታታብኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም፤ ጠይቀሽኝ አታውቂም።» አባቷ በአገጫቸው ወደ ማዶ አመለከቱ። «ያ ‹ጫማ› የሚለው ተንጋዷል። አየሽው?»

አየችው። አሥር ዓመት ያለፈችበት ጽሑፍ ነው፤ እውነትም ተንጋዷል። «ውይ!» አለች።

«በይ ግቢ፤ ነፋሱ ወረቀታችንን ሳይወስደው።»

አንዳንድ ቁራሽ ዳቦ በእጃቸው ይዘው የቀለሙን ክምር አንድ ላይ አዩት። አባቷ አራት ቁራጮች ለይተው ጎን ለጎን አስቀመጡ። «የእነዚህ ፊት አንድ ነው። ይህ ቃል አራት ቦታ ምን ያደርጋል?»

የመስኮቱን ጀርባ ቀለም የሚያዘው ቃል ነበር። ከታች የተጻፈው ከላይ የተጻፈውን ይሽረዋል። እሷ መካከሉ ላይ «ቀይ» ስትል፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከሰው ቀድታ መስመር ስምንት መቶ ሰባ አንድ ላይ የለጠፈችው «ጥቁር» እያለ ሲሽርባት ነው የሰነበተው።

«ይህ ለሳምንቱ መልስ ነው» አለች። «ዛሬ ጠዋት የጻፍኩት ግን ከሁሉም በታች ነው፤ እሱ ለምን እምቢ አለ?»

አባቷ የመጨረሻዋን ቁራጭ አነሡና ማጉያውን አስጠጉ። «ስንት ዜሮ አለው አልሽኝ?»

«አንድ አራት ቁጥር፣ ከዚያ አምስት ዜሮ።»

«እዚህ ሦስት ዜሮ ነው ያለው። እነዚህ ሁለቱ ወፈር ይላሉ፤ ዘመዶቻቸው አይደሉም።»

ሐኪሟ ማጉያውን ተቀበለቻቸው። እውነትም ሁለቱ ዜሮ አልነበሩም፤ ክቧ የእንግሊዝኛ ፊደል «ኦ» ነበሩ። ከብጣሹ ወረቀት ላይ ስትገለብጥ ያሳሳታት ነገር ነው፤ ስክሪኗ ላይ ያለው ፊደል ደግሞ ሁለቱን አይለይም። ሮጣ ሄዳ አስተካከለችው። ተርሚናሉ ተከፈተ፤ የዋናው ሰርቨር መስኮት እንደ በሰለ ሮማን ጥቁር ቀይ ሆኖ ተከፈተ። እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ የአባቷን ግንባር ሳመች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጨዋታ ነበር። አባቷ አሥራ ሁለት የፊደል ዓይነት አስከፍተው ዜሮዋ ሆዷ ላይ ሰረዝ ያላትን መረጡ፤ በመስመርና በመስመር መካከልም ትንፋሽ ጨመሩ። «እንጃ» የተባለውን ክምር ሙሉ በሙሉ አጠፉት፤ ምንም አልሆነም። «ይህን እንዳትነኪ» የሚለው የመጨረሻው ነበር። ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና ሰረዘችው። ተርሚናሉ እንደ ወትሮው ተከፈተ።

«ስድስት ዓመት የፈራሽው ይህን ነው?» አሉ አባቷ።

አሥር ሰዓት ላይ ፋይሉ መቶ ሠላሳ ስምንት መስመር ብቻ ነበር።

ሰኞ ትኬት ቆራጯ «አዲሱን መስኮት አሳዪኝ» ብላ ሦስት ፎቅ ወጣች። ኃላፊውም ተከትለው መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው፣ መነጽራቸው እጃቸው ላይ እንዳለ፣ ስክሪኑን አንድ በአንድ አነበቡት። ራሳቸውም ተገረሙ።

«ከዚህ ሆኜ አነበብኩት! ይህን ፊደል ማን መረጠው?»

«አባቴ።»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ጡረታ ላይ ናቸው፣ ጋሼ።»

ትኬት ቆራጯ ቀደም አለች። «እንግዲያው ይምጡልን! አዳራሹ ውስጥ ያለውን የመነሻ ሰዓት ሰሌዳ ሰው ሦስቱን ስምንት እያለ ያነበዋል። በቀን መቶ ጊዜ ‹ሦስት ነው ስምንት?› ይሉኛል። ራሴን ሊያዞረኝ ነው።»

አባቷ ሐሙስ ዕለት የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ሰሌዳውን ከቅርብ አላዩትም። ከአዳራሹ ዳር፣ ሻንጣ ከያዙ መንገደኞች መካከል ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግማሽ ሰዓት ተመለከቱት። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ የሰሌዳውን ፋይል ታስተካክላለች። በቁጥሩ ቅርጽ ላይ ተከራከሩ፤ በመስመሩ ርቀት ላይ ተከራከሩ፤ አንዴ እሷ ረታች፣ ሦስት ጊዜ እሳቸው።

አዲሱ ሰሌዳ በበራበት ጠዋት አንዲት ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሴትዮ ከበሩ ላይ ቀና ብለው፣ «ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ መቆሚያ ስምንት» ብለው ለራሳቸው አነበቡና ማንንም ሳይጠይቁ ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ። አባቷ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ቆመው አዩ። ኃላፊው መጥተው በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቅ እያሉ ይረዱን እንደሆነ ቢጠይቋቸው አባቷ አዳራሹን ዙሪያውን ቃኙ።

«እመጣለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ያን ‹መውጫ› የሚለውን ጽሑፍ እናውርደው፤ ዘመም ብሏል።»