በክርስትና ስማቸው

«እኔ እንኳ ለደብተሩ ነው የመጣሁት» አለ ሚልዮን፣ ንፍሮውን ከመዳፉ ላይ አንድ በአንድ እየለቀመ። «ቢልልኝ የሴቶቹን ቃል የተቀበለበት ደብተር። ዩኒቨርሲቲው አደራ ብሎኛል።»

ልደት ቀና አላለችም። ባሏ ቢልልኝ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ በሰው አገር፣ ሳጃና ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤታቸው በለቀስተኛ ታፍናለች። ደብተሩ የተቀመጠችበት ፍራሽ ሥር ነው።

ቢልልኝ «ቃል መቀበል» ሲባል አይወድም ነበር። ኡስታዛ ሉጥፊያ፣ ስለ ፖሊስና ስለ ዱላው የምታጠናዋ የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ አስተርጓሚ አድርጋ ከቀጠረችው ጀምሮ በየቤቱ እየዞረ፣ በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ፣ ተይዘው የታሰሩ የአገሩን ልጆች ያነጋግር ነበር። ልደት አንዴ «ዛሬስ የስንቷን ቃል ተቀበልክ?» ብትለው ተቆጣ።

«ቃል የሚቀበል ፖሊስ ነው። እኛ እንሰማለን እንጂ!»

ሉጥፊያ ስም አትጻፍ፣ ቁጥር ይበቃል ብላው ነበር። እሱ ግን ሰው እንዴት በቁጥር ይጠራል ብሎ በክርስትና ስማቸው ጻፋቸው፤ ወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም። «ይኼን የትኛው ፖሊስ ያውቀዋል?» እያለ ይስቅ ነበር። የዋህ! ልደት ሞቶም እንኳ በየዋህነቱ ተናደደችበት። የቤተክርስቲያኑን የክርስትና መዝገብ ለሃያ ዓመት የያዘው ሰው ይኸው ፊቷ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል።

«ጋሽ ሚልዮን፣ ሉጥፊያ ናት የላከችዎ?»

«አዎ፣ እሷው። ዋላሂ፣ ለአንቺው ብዬ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢልልኝን ቡሪ ላይ የገጨችው መኪና ሰሌዳ አልነበራትም አሉ፣ አይደል? እንዲህ ያለ ደብተር ቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ ልጄ። ስሞቹ ለሌላው ቢጠፉት ለእኔ አይጠፉኝም።»

በሩ ሥር የተቀመጠችው አበባ ማላመጧን አቆመች። ወለተ ሥላሴ እሷ ናት።

ሉጥፊያ ጠዋት ደውላ፣ አልቅሳ አልቅሳ፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቀቻት፤ እኔ ማንንም አልክም።

«እሺ» አለች ልደት። «ነገ በሠልስቱ ይውሰዱት። ዛሬ ከፍራሼ አልነሳም።»

«ነገ እንግዲህ፣ ኢንሻላህ። ብቻዬን ላልመጣ እችላለሁ።»

እሱ እንደወጣ ልደት ደብተሩን ከፍራሹ ሥር አውጥታ በነጠላዋ ሸፈነችው፤ አበባን ጠቀሰቻትና ጓዳ ገቡ። የእጅ መታጠቢያውን ሳፋ በውሃ ሞሉት። የቢልልኝ ቀለም ላብ ሲነካው የሚጨማለቅ ነበር፤ ስንቴ ብዕር ቀይር ብላዋለች። አሁን ግን «እንኳንም ያልሰማኝ» አለች። አንድ በአንድ እየገነጠለች ገጾቹን አሸች። ስድስት ወር በእግሩ የዞረበትን ሥራ አጠበችው። አበባም የራሷን ገጽ ተቀብላ አሸችው።

መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ቀረ። ወለተ ኪዳን ይላል። የልደት የክርስትና ስም ነው። ጀሪፍ ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ በከሻ ተይዛ የደረሰባትን አንድ ቀን ብቻ ነግራዋለች፤ ከዚያ ወዲህ አንስቶባትም አያውቅም። ከስሟ በታች አንድ መስመር ብቻ ጽፏል፤ «ነገረችኝ። መጠየቅ አልቻልኩም።»

«እሱንም እንጂ» አለች አበባ፣ በሩን በሩን እያየች።

«ይኼ ከእኔ በቀር ማንንም አያስይዝም።»

ገጹን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ከዚያ ለቀስተኛው መሀል ተመለሰችና፣ ሰማያዊ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች።